ኒቨስ ከሩጄሮ ጋር

ወደ ከተማችን ሰው የሚመጣው ለመተኛት ነው። ጠዋት እኔ ቤት ቁርሱን ይበላል፣ የውሃ መያዣውን ይሞላል፣ ካርታውን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ወደ ባቡር ጣቢያው ይሮጣል። አንዱ አሲዚ፣ አንዱ ስፖሌቶ፣ አንዱ ፔሩጃ ውሎ ማታ እግሩ አብጦ ይመለሳል። ከተማችን ፎሊኞ እንዴት ናት ብላችሁ ብትጠይቁት ፍራሹ ጥሩ ነው ይላችኋል። ሦስት ክፍል አልጋ ማከራየት ከጀመርኩ ወዲህ ስለ ከተማችን የሰማሁት ምስጋና ይኸው ነው፤ ሜዳ ላይ ናት፣ ባቡሯ ወደ ሁሉም ይሄዳል፣ አልጋዋም አይወደድም።

አባቴ ኦሬስቴ ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በባቡር ጥገናው ግቢ ያገለገለ ሰው ነው። «እኔ እኮ ያን ሁሉ ዓመት ፉርጎ ስጠግን የኖርኩት እነዚህ ሰዎች በጊዜ ከእኛ እንዲያመልጡ ነው» ይልና ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል።

ሩጄሮም የመጣው እንደ ማንም እንግዳ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በሚያዝያ። ረጅም፣ ቀጠን ያለ፣ ከመንገድ ገብቶ እንኳ ሸሚዙ ያልተጨማደደ የቶሪኖ ኢንጂነር። ሻንጣውን በሩ ላይ ሳያስቀምጥ፣

«ወይዘሪት፣ የመጀመሪያው ባቡር በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ።

«ሰላምታ ይቀድማል» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እስከዚያች ቅጽበት በር ከፋች ነበርኩ፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ሆኜ ታየሁት። እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እንደምን ዋሉ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «የመጀመሪያው ባቡር ግን በስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ያን ሳቅ ባልስቀው ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍላችሁ አይመስለኝም።

ማታ ማታ ከእኛ ጋር መብላት ጀመረ። አባቴ እስኪቀመጥ ይጠብቀውና ይጀምረዋል።

«ኢንጂነር፣ ዛሬስ የማንን ግንብ ሲያደንቁ ዋሉ?»

«ትሬቪ ነበርኩ፣ ሲኞር ኦሬስቴ። ኮረብታው ላይ ሆነው ወደ ታች ሲያዩ ሸለቆው ሁሉ ወይራ ነው።»

«እኛስ? ከላይ ሆነው ሲያዩን እንታያለን?»

«ጭጋግ ነበር።»

«ተመስገን! አላፈርንም በሉኛ።»

ሩጄሮ ይስቃል። ሲስቅ ግን የሚያየው እኔን ነው። ከራት በኋላ ሳህን ሳጥብ ፎጣ ይዞ አጠገቤ ይቆማል፤ ሳህኑን ሳቀብለው ጣቶቹ ሳያስፈልግ ጣቶቼ ላይ ይቆያሉ። በሁለተኛው ሚያዝያ፣ ሱጎ እያማሰልኩ ሳለ፣ «ኒቨስ፣ አንቺ ባትኖሪ...» ብሎ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። ከዚያ በፊት «እርስዎ» ነበርኩ። እኔ «አንቺ» የምትለዋን ይዤ ሌላውን አልጠየቅኩም። ሱጎው አረረ፤ አባቴ አረረ ሳይል በላው።

ከሚያዝያ እስከ ሚያዝያ ያሉትን ወራት በደብዳቤ ነበር የምናልፋቸው። በዚህ ዘመን ደብዳቤ የሚጽፍ ወንድ! የሱን ጽሑፍ ፖስታው ላይ ሳይ በሩ ላይ እንደቆምኩ እከፍተው ነበር። መልሱን ወደ ቢሮዬ ላኪልኝ ይለኛል፤ ሥራ ስለሚበዛበት ነው ብዬ አምን ነበር። ያደገው ደጃፉ ላይ ዘበኛ በቆመበት፣ አሳንሰሩ ውስጥ ሳይቀር የከፈይ መቀመጫ ባለበት ቤት ነው፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ እናቱና እሱ ብቻ ናቸው። እኔ ግን የእንግዳ አንሶላ የማጥብ የባቡር ጠጋኝ ልጅ ነኝ። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አናነሳውም።

አንድ ነገር ብቻ እለምነው ነበር።

«አንድ ቀን እዚሁ ዋል። ከተማውን እኔ ላሳይህ።»

«ነገ» ይለኛል። ነገ ሲመጣ ስፔሎ ይሄዳል። ከነገ ወዲያ ጉቢዮ።

ዘንድሮ በብርዱ ወራት የአባቴ ልብ ደከመ። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ይወሰድ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ሩጄሮ በሚያዝያ ሲመጣ አባቴ ከአልጋ አይነሳም ነበር። የአባቴ እህት አክስቴ ኢዮሌ የሹራብ ሥራዋን ይዛ ግርጌው ትቀመጣለች፤ ሁለቱ ሲነታረኩ ይውላሉ። እሑድ ማታ አባቴ ሩጄሮን አስጠራው።

«ኢንጂነር፣ እዚህ ቁጭ በሉ። ዛሬ አልቀልድም።»

ሩጄሮ ተቀመጠ።

«እኔ እንግዲህ ጨርሻለሁ። ይቺ ልጅ ብቻዋን ናት። አፏ ክፉ ነው፣ ልቧ ግን...» ትንፋሹ አልበቃውም።

ሩጄሮ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። «አይጨነቁ፣ ሲኞር ኦሬስቴ። እኔ አለሁ» አለው።

የአክስቴ መርፌ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። በእኛ ከተማ የሚሞት ሰው እጅ ተይዞ «እኔ አለሁ» ከተባለ ነገሩ አልቋል፤ ቀለበት የዘገየ እንደሆነ ይዘገያል እንጂ ቃል አይፈርስም። ሰኞ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ዳቦ ጋጋሪዋ ሬናታ ሳትጠይቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ሬናታ የሰማችውን ከተማው ሰምቶታል ማለት ነው። እኔም ያን ሳምንት አባቴ እየሞተ ደስተኛ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ አትጠይቁኝ፤ ገብቶ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሩጄሮ ጫማውን ሲያስር በሩ ላይ ቆምኩ።

«ዛሬ እንኳ ቅር። ትንፋሹ አላማረኝም።»

«ኦርቪዬቶን ሳላይ ልመለስ ነው እኮ። በማታው ባቡር እዚህ ነኝ።» ግንባሬን ሳመኝ። «ስመጣ ሁሉን እነግረዋለሁ፤ ያበሳጨኛል፤ ደስ ይለዋል።»

ሲጓዝ ስልኩን ይዘጋል። ካልተዘጋ ጉዞ አይደለም ይላል።

ከቀትር በኋላ አባቴ ውሃ ጠየቀኝ። ይዤ ስመለስ የለም። ዓይኑ በሩን እያየ ነበር፤ እሱ ግን አልነበረም። ብርጭቆውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አስቀምጠው፣ ልጠጣው፣ አላውቅም። አክስቴ ናት ከእጄ የወሰደችው።

ለሩጄሮ ደወልኩ። የደወሉለት ደንበኛ ሊገኝ አይችልም አለችኝ አንዲት ለስላሳ ሴት። ደግሜ ደወልኩ። ያቺን ሴት ያን ቀን የጠላኋትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

እኛ ዘንድ ሰው ከሞተ ከመምሸቱ በፊት ግድግዳ ላይ መውጣት አለበት። ጥቁር ዳር ያለው የመርዶ ወረቀት፣ ፎቶ፣ ስም፣ ከስር የቤተሰቡ ስም በየተራ፣ ባለትዳር ከነትዳሩ። ቀብር አስፈጻሚው ቀበቶው ላይ ሆዱ የተንጠለጠለ ደግ ሰው ነው፤ እርሳሱን አዘጋጅቶ ወጥ ቤት ተቀመጠ። አክስቴ ታጽፈዋለች።

«ልጁ ኒቨስ፣ እህቱ ኢዮሌ...» ብላ ወደኔ ዞረች። «ላስገባው?»

«ማንን?»

«ማንን ትለኛለች! ልጁን ነዋ። 'ኒቨስ ከሩጄሮ ጋር' ይበል። ብቻዋን ቀረች ብለው አፋቸውን እንዳይከፍቱብሽ። ወንድሜም ደስ ይለዋል፤ ሰምቶት ነው የሞተው።»

በተከፈተው በር አባቴ ይታየኛል። ፊቱ ረፍት አለው። ይህን ረፍት ማን እንደሰጠው አውቃለሁ።

«አስገቢው» አልኩ።

በዚያ ጥቁር ቀን የቀመስኩት ጣፋጭ ነገር ያ ብቻ ነበር፤ ስሜ ከስሙ ጋር፣ በቀን ብርሃን፣ በመላ ከተማው ፊት።

ሊመሽ ሲል ቤቱ በሰው ሞላ። ወንበር ከየጎረቤቱ መጣ። አክስቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ጸሎት ትመራለች፣ ሴቶቹ ይቀበሏታል። የበሩ ድምፅ ሲሰማ ሩጄሮ እንደሆነ በእርምጃው አወቅኩት። ወንዶቹ ሁሉ ከወንበራቸው ተነሱ። አንድ በአንድ እጁን ጨበጡት።

«ያጽናህ።»

«ጠንከር በል ልጄ። አባት ነው፣ ያማል።»

«እሷን ደግፋት እንግዲህ።»

እጁን እየሰጠ ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ደም የለም። ሐዘን ነው ብዬ ሮጥኩና ደረቱ ላይ ወደቅኩ። ቀኑን ሙሉ ያላለቀስኩትን እዚያ አለቀስኩት። ክንዶቹ ግን አላቀፉኝም። ጎኑ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ከዚያ ጆሮዬ ስር፣ «ላናግርሽ» አለኝ።

ወጥ ቤት ገባን። በሩን ገፋው። ከኮቱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር፤ አንዱ ጠርዝ ተቀዶ ከአባቴ ትከሻ ላይ ትንሽ ጎድሏል።

«ከጣቢያው ግድግዳ ላይ ላጥኩት» አለ።

«የሟች ወረቀት ቀደድክ?» ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። እዚህ ሰካራም እንኳ አይነካውም።

«ኒቨስ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«አባቴ ነው።»

«ስሜን ነው የምልሽ። ማን ፈቀደላችሁ?»

«አንተ። እሑድ። እጁን ይዘህ።»

ተንፍሶ፣ «ለሚሞት ሰው ሌላ ምን ይባላል?» አለኝ። «ላጽናናው ብዬ ነው እንጂ...»

የተናገረው ለራሱም የተሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። እጁን ወደኔ ሰደደ። ወደ ኋላ አልኩ።

«እሱ ግን አምኖህ ሞተ» አልኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጭንቅላቱን ያዘ። ከወዲያኛው ክፍል የሴቶቹ ጸሎት ይሰማል።

«ማንን ነው የፈራኸው? የአባትህ ስም እንኳ የለበትም። ሩጄሮ ብቻ ነው የሚለው። ማን ያውቅሃል?»

«ማንም። ማንም አያውቀኝም። እኔ ግን አወቅኩት። ከባቡር ወርጄ ስሜን ሳየው እግሬ ተያዘ። መጀመሪያ ያሰብኩት አባትሽን አይደለም፣ አንቺንም አይደለም። የሚቀጥለው ባቡር መቼ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሰሌዳውን አየሁ።»

ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። ውሸት ቢነግረኝ እምነው ነበርና።

«ለእናትህ ስለኔ ምን ብለሃታል?»

የወረቀቱን የተቀደደ ጠርዝ በጣቱ ማስተካከል ጀመረ።

«ሩጄሮ። በየዓመቱ ወዴት ነው የምትሄድ የሚመስላት?»

«ተራራ የምወጣ ይመስላታል።»

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ የአባቴ ሬሳ ግድግዳው ማዶ ተኝቶ ሳቅኩ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ተራራ ነኝ በለኛ!»

«አታሹፊ። እወድሻለሁ። ቶሪኖ ስተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እዚህ ነው የምተኛው። የትም ዞሬ የምመለሰው ወደ አንቺ ነው። ይህን ለማንም ሴት ብዬ አላውቅም።»

እውነቱን ነበር። ዓይኑ ውስጥ አየሁት፤ ያለውን ሁሉ አውጥቶ እየሰጠኝ ነው። ያለው ግን ያ ብቻ ነው። እዚያው ቆሜ፣ እየወደድኩት፣ ልቤ በረደ።

«አዎ፣ ትመለሳለህ» አልኩት። «አንድ ቀን እንኳ ግን ወደኔ ብለህ አልመጣህም። ሁልጊዜ ከሌላ ቦታ ስትመለስ ነው የማገኝህ። ደክመህ፣ ያየኸውን አይተህ፣ ልብህን እዚያ ጥለህ። አባቴ ከተማውን ስላላየህለት የሚበሳጭ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለኔ ነበር የሚበሳጨው።»

አለቀሰ። አንድም ቀን ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ትልቅ ሰው አፉን ይዞ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ ላባብለው እጄ ተነስቶ ነበር። ራሴን ያዝኩ።

«ነገ ከጎንሽ እቆማለሁ» አለኝ ፊቱን እየጠረገ። «ሰው ፊት አላሳፍርሽም። ወረቀቱ እንዳለው እሆናለሁ። ከቀብሩ በኋላ...»

«ከቀብሩ በኋላ ምን?»

«ከቀብሩ በኋላ እናየዋለን።»

እንዴት ልንገራችሁ። ሁለመናዬ እሺ አለ። ለአንድ ቀን ይሁን፣ ለአንድ ሰዓት ይሁን፣ ክንዴን ይዞ በሰው መሃል ይለፍ፣ ከዚያ የፈለገው ይምጣ አልኩ በልቤ። እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። በዚያው ቅጽበት ከማዶው ክፍል የአክስቴ ድምፅ የአባቴን ስም ጠርቶ ነፍሱን ይማር ሲል ሰማሁ። አባቴ በሕይወቱ ለታይታ የሠራው አንድ ነገር አልነበረም።

«ለአባቴ ቀብር ተከራይ አያስፈልገኝም» አልኩት።

ሩጄሮ ሀሳቤን እንድቀይር አልለመነኝም። ቢለምነኝ እቀይር ነበር፤ ይህንንም ያውቅ ነበር መሰለኝ። ጫማውን አውልቆ በካልሲ ደረጃውን ወጣ፤ ሐዘንተኞቹን ላለመረበሽ ነው። ያቺ ጨዋነቱ ናት የገደለችኝ።

በማግስቱ ሳጥኑ ከቤት ሲወጣ የሱ ክፍል በር ክፍት ነበር። አልጋው ተነጥፏል። አንሶላውን እንኳ አስተካክሎት ሄዷል።

ከፍትሐት በኋላ እኔና አክስቴ ካቴድራሉ ደጃፍ ላይ ቆምን፤ ከተማው እየተሰለፈ እጃችንን ይጨብጥ ጀመር። እግዚአብሔር ያጽናሽ ይሉኛል፤ ዓይናቸው ግን ከጎኔ ያለውን ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የጠየቀችኝ ዳቦ ጋጋሪዋ ሬናታ ብቻ ናት።

«ሩጄሮስ፣ የኔ ቆንጆ?»

«መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

«ወይኔ! ለቀብሩ ይደርሳል?»

«አይደርስም።»

አክስቴ ኢዮሌ ክንዴን ጨመቀችው። «እኔ ነኝ ጉድ ያደረግኩሽ። ይህ ምላሴ!»

«አስገቢው ያልኩት እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ቀና በይ እንግዲህ። ያ ወሬኛ ጠበቃ እየመጣ ነው፤ እሱ ፊት ባታለቅሺ ደስ ይለኛል።»

ቀና አልኩ። እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ቀና እንዳልኩ ቆየሁ። አባቴን ቀብረን ስንመለስ እግሬ እንዴት እንዳደረሰኝ አላስታውስም። ያን ማታ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ገና አልደረሰም ነበር። ቤቱ ውስጥ የሚጠብቀኝም የምጠብቀውም ሰው እንደሌለ ብቻ ነው የገባኝ።

እኛ ጋር የመርዶ ወረቀት አይነሳም። ሌላ ሰው ሲሞት የሱ በላዩ ይለጠፍበታል፣ ሟች በሟች ላይ። የአባቴ በየቦታው በአንድ ወር ውስጥ ተሸፈነ፤ ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ያለው ብቻ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከፊቱ አልፋለሁ። ክራቫት ያሰረው አባቴ፣ ከስሩ «ኒቨስ ከሩጄሮ ጋር»። የግንቦት ዝናብ መታው፣ አልለቀቀም። የሱን ስም እንዳልቀደው የአባቴ ፊት እዚያው ወረቀት ላይ ነው። በመንገዱ ስሄድ አንድ ሰው በሞተና ይህን በሸፈነልኝ እያልኩ ያሰብኩባቸው ቀናት ነበሩ። በማን ላይ ሞት እንደምመኝ እንኳ ግድ አልነበረኝም።

በሰኔ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ሞቱ። ዳቦዬን ይዤ ስወጣ ለጣፊው ባልዲውን አስቀምጦ ብሩሹን ሙጫ ውስጥ ሲነክር ደረስኩ። አዲሱን ወረቀት ዘርግቶ ልክ በአባቴ ፊት ላይ ሊያሳርፈው እጁን አነሳ።

«ቆይ!» አልኩት።

ዞር አለ።

«ትንሽ ወደ ጎን አድርገው። እባክህ።»

«ቦታው ይጠባል እኮ፣ ኒቨስ።»

«ይጥበብ። የአባቴን አትሸፍንብኝ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ጎን አደረገው። የአስተማሪዋ ወረቀት ግማሹ ማዕዘኑን ዞሮ ተለጠፈ። አመስግኜው ወደ ቤቴ አመራሁ። ለአባቴ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ፤ ለአባቴ ብዬ ነው። ለአባቴ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያን ሁሉ መንገድ እንደዚያ እያለቀስኩ አልሄድም ነበር።